በትከሻ የተመረጠው የጠመንጃ መነጽር

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አማን ከተማ ያለችው የመነጽር ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባና ባንኮኒው ላይ ፈታው። ሁለት የጠመንጃ መነጽሮች... ከጠመንጃ አናት ላይ ታስረው አጋዘንን ከሸለቆ ማዶ አፍንጫህ ሥር የሚያመጡት።

«ዶክተር፣ አንዱን ምረጥልኝ» አለ።

ዶክተር አይደለሁም። ዓይን ለክቼ መነጽር እሸጣለሁ። እዚህ አገር ግን ዓይን ላይ ባትሪ ያበራ ሁሉ ዶክተር ነው።

በቀለ ይባላል። የማጂ ሰው ነው። የውጭ አገር አዳኞችን ተራራ የሚያወጡ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ቀጥረውታል። ዱካ ተከትሎ፣ አውሬውን ከሁሉም ቀድሞ አይቶ ማሳየት ነው ሥራው። ጠመንጃውንም ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ሻለቃው ለጠመንጃቸው ሁለት መነጽር አምጥተው «ተሸካሚው አንተ ነህ፣ ሞክራቸውና የሚሻለውን ንገረኝ» ብለው ሰጥተውታል።

ሁለቱንም በእጄ መዘንኳቸው። አንዱ ወፍራም ነው፤ የፊት መስታወቱ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያክላል። ሌላው ቀጭን ነው፤ ክብደቱ የወፍራሙን ግማሽ ቢሆን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን ኮረብታ አየሁባቸው። ወፍራሙ በጣም ያቀርባል፣ ግን በተነፈስኩ ቁጥር ኮረብታው አብሮኝ ይተነፍሳል። ቀጭኑ ያን ያህል አያቀርብም፣ ምስሉ ግን ረግቶ ይቆማል።

«አንተስ እንዴት አየሃቸው?» አልኩት።

«እኔ በትከሻዬ ነው የምመርጠው። ያንን አቀበት ካልወጣኸው አታውቀውም... እኩለ ቀን ላይ ኪስህ ውስጥ ያለው ክብሪት ይከብድሃል። ቀጭኑ ይሻላል።»

«ሲመሽስ? ቀጭኑ ብርሃን ያንሰው ይሆናል። አይተህበታል?»

ቀጭኑን አንስቶ ወደ ኮረብታው አነጣጠረ። በግራ ዓይኑ ነበር። ቆየና ወደ ቀኙ አዛወረው... ደግሞ ወደ ግራው መለሰው።

ወንበር ላይ አስቀምጬ ባትሪ አበራሁበት። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ አለ። የቀኙማ ነጥቷል።

«ይሄ እኮ በቀዶ ጥገና የሚነሣ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን አደኑ ሊጀመር ነው። ዕረፍት ብጠይቅ ለምን ይሉኛል። ዓይኔ መያዙን ካወቁ ደግሞ ለሻለቃ ምን እጠቅማለሁ? ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው...» ፎጣውን አጣጥፎ ያዘ። «ሲመሽ አንተ እይበትና ሰኞ ንገረኝ። እኔ አየሁ እላቸዋለሁ።»

መነጽሮቹን ጥሎልኝ ሄደ። ሲመሽ አየሁባቸው። ቀጭኑ ቶሎ ይጨልማል።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌ ገቡ። ሩቁም ቅርቡም እየደበዘዘባቸው መሆኑን ድምፃቸውን ቀንሰው ነገሩኝ። የመለኪያውን ፍሬም አፍንጫቸው ላይ አደረግሁላቸው። ማንንም ሰው ጉጉት የሚያስመስል ክብ ብረት ነው።

«ምስጢር ይሁን» አሉ። «አደን ነው ሥራዬ። የጠመንጃ መነጽር ገዝቼ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ። ምርጫውን ለሠራተኛዬ ሰጠሁት። የንስር ዓይን ነው ያለው። እኔ ተራራ ላይ በሱ ዓይን ነው የምኖረው።»

ምን እንደምል ሳስብ በቀለ ከፀሐዩ ገባ። ወንበሩ ላይ ወደተቀመጡት ሰው አየት አደረገና «እንዴት አደራችሁ» አለ። አላወቃቸውም።

«ዶክተር፣ አየህልኝ? ሻለቃ ዛሬ ይደውላሉ። እኔ እንደሆነ በሁለቱም ጭጋግ ነው የሚታየኝ።»

ሳልኩ።

«ጉንፋን ያዘህ እንዴ? ብቻ ያየኸውን ንገረኝ፣ በቃሌ ልያዘው።»

«በቀለ» አሉ ሻለቃ።

በቀለ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባለፈው ዓመት...» አሉ ሻለቃ፣ ፍሬሙ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ። «ያቺ ፈረንጁ ደጋግሞ ተኩሶባት አልወድቅ ያለችው አጋዘን...»

«ጉቶ ነበረች፣ ሻለቃ።»

«ጉቶ።»

«ኋላ ብቻዬን ሄጄ በእጄ ነካሁት። እርስዎ አይተው፣ አዝነውልኝ ዝም ያሉ መስሎኝ...»

«እኔ የት አየኋት? አንተ አጋዘን ካልክ አጋዘን ናት ብዬ ነው እንጂ።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። በቀለ ግን አልሳቀም።

«እንግዲህ ጠመንጃውን ለማን ላስረክብ?» አለ።

ሻለቃ ፍሬሙን አውልቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «ያንን ገደል በእግሩ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት ላመጣ?» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ሞራው ተነሥቶለት ተራራ ለመውጣት ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«ሐኪሙ ነው የሚያውቀው። ሳምንታት መጠበቁ ግን አይቀርም።»

ስልካቸውን አወጡ። ክንዳቸውን እስከመጨረሻው ዘርግተው ስም ፈለጉ፣ አላገኙትም፣ ለእኔ ሰጡኝ። ደወልኩላቸው። አዲስ አበባ ያለው የፈረንጁ አስተርጓሚ አነሣ።

«ዝናብ ነው» አሉት ሻለቃ። «የማጂ መንገድ ተቆርጧል፣ መኪና አይወጣም... አዎ፣ ወቅቱ አይደለም። ዘነበ፣ ምን ላድርግህ? አደኑን ወደ ሌላ ወር አዙሩት።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው በቀለን አዩት።

«የትኛውን መረጥክ?»

«ቀጭኑን።»

«ሲመሽስ?» ጥያቄው ለእኔ ነበር።

«ቶሎ ይጨልማል» አልኩ።

«ደግ። ሲመሽ አንተኩስም።»

የሻለቃን ዓይን ለክቼ ጨረስኩ። ከዚያ በቀለን ይዘውት ወደ ሆስፒታል ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል...

እንዲህ ያለ ደግ ዝናብ በአገራችን ዘንቦ አያውቅም።