ከበረዶው ዓለም መልስ ጠባቂው

ሌስተር ዳንቢ ከካንቤራ ማዶ በቲድቢንቢላ ሸለቆ ታላቁን የጠፈር አንቴና ሲያዞር የሸመገለ ሰው ነበር። በዚያ ሸለቆ የሠራን ሁሉ የሥራው ጠባይ እስከ ቤታችን ይከተለን ነበር፤ እርሱን ግን ፈጽሞ ገዝቶታል። ከፀሐይ እጅግ ርቆ ወዳለው በረዷማ ዓለም ወደ ኔፕቲዩን ለተጓዘችው መንኮራኩር የተላከ ትእዛዝ እስኪደርሳት አራት ሰዓት፣ መልሷም እስኪመለስ ሌላ አራት ሰዓት ይፈጃል። መልሱ ሳይመጣም ትእዛዝ አይደገምም፤ የደገመ ያደናግራታል። ሕጋችን ይህ ነበር።

ሚስቱ ኖሪን ያረፈችው እርሱ በሥራ ላይ ሳለ ነው። ከቀብር መልስ አንዲት ልጁ መርል በሰው ፊት፣ «እናቴ ስታጣጥር አንተ በረዶ ታዳምጥ ነበር!» ብላው ባሕር ማዶ ወዳለችው ወደ ሆባርት ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም።

መንኮራኩሯ ወደ ኔፕቲዩን ጨረቃ ወደ ትራይተን ስትቃረብ ሌስተር ወደ ሆባርት ደወለ። ልጁ አልነበረችምና ለአከራይዋ ለሚስስ ፕራውት፣ «ፎቶዎቹ በነሐሴ ሲመጡ አጠገቤ ተቀምጣ እንድታይ ‹አባትሽ ጠርቶሻል› ይበሉልኝ» አላት። ወራት አለፉ፤ መልስ የለም።

«አንተ ሽማግሌ፣ ድገምና ደውልላት እንጂ!» አለው የሥራ ባልደረባችን ብሩኖ፣ ሥጋ የተሞላ ዳቦውን እየገመጠ። «ልጅህ መንኮራኩር ናት እንዴ?»

«አንዴ ተልኳል፣ ብሩኖ። መልስ ሳይደርስ መድገም የጀማሪ ሥራ ነው።»

«እኔ ለሚስቴ አንዴ ብቻ የምናገር ቢሆን እስከ ዛሬ ራት አልበላም ነበር!»

ሳቅን። ሌስተርም ሳቀ፤ ስልኩን ግን አልነካም።

ፎቶዎቹ በመጡ ዕለት ከጎኑ ወንበር አኑሮ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ኮቱን ጣለበት። ወንበሩ ባዶውን ዋለ። በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ መስመር በመስመር የተገለጠው ዓለም ፈዛዛ ሮዝ በረዶ ነበረ፤ ጥቁር ጭረት ጣል ጣል ያለበት። ሁላችንም የሞተ ዓለም ነው ብለን አለፍነው።

ከሳምንታት በኋላ ሊቃውንቱ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የተነሡትን ፎቶዎች ሲያስተያዩ፣ ከበረዶው ሜዳ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከላይ በነፋስ የታጠፈ ጥቁር ዓምድ አዩ። እሳት የማያውቅ እሳተ ገሞራ! ፀሐይ እንደ ኮከብ በራቀችበት፣ አየሩ ራሱ በረዶ ሆኖ በተጋገረበት ምድር፣ ከሥር የታመቀው ጋዝ በረዶውን ቀድዶ ወጥቷል። ወሬው ሲደርሰን ሸለቆው በእልልታ ተናጋ።

ሌስተር ፊቱ በርቶ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይህንንማ ለመርል ልንገራት!» አለኝ። «ይህ እኮ መድገም አይደለም፤ አዲስ ወሬ ነው።»

ደወለ። እኔ አጠገቡ ነበርሁ፤ የአከራይዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማኝ ነበር።

«ወይኔ፣ ሚስተር ዳንቢ! ቁጥርዎን ስፈልግ ነው የደወሉት። መርል... ትናንት አረፈች። ሕመሙ ከርሞባታል፤ እንዳልነግርዎ አስምላኝ ነው።»

«መልእክቴ ደርሷታል?» አለ ሌስተር፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

«በዕለቱ ነገርኋት እንጂ! ሻንጣዋንም ከአልጋው ሥር አወጣች። ኋላ ግን ‹አንዴ መጥራት ለወጉ ነው፤ ሁለተኛ ከጠራኝ ግን ፈልጎኛል፣ ያን ጊዜ እሄዳለሁ› አለችኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደረጃውን እየተንደረደረች ትወርድ ነበር፤ ኋላ እንኳ ሕመሙ ሲጠናባት ግድግዳ ይዛ።»

«ያለችውን ይድገሙልኝ» አላት።

ደገመችለት።

«እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ብሩኖ ሁለት ቢራ ይዞ እየፎከረ ገባ፤ የሌስተርን ፊት ሲያይ ጠርሙሶቹን ቀስ ብሎ መሬት አስቀምጦ ወጣ። በስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ ቃሉን እንደገና ጀምራ ልቅሶ አቋረጣት። ሌስተር ግን ስልኩን ከጆሮው አላነሣም፤ ቀሪውን ይጠብቅ ነበር።