ቅዳሴ እንዳይጥመው የሸሸው አያ ፈንታው

ንፋስ መውጫ ውስጥ አያ ፈንታውን የማያውቅ የለም፤ ገብስ ነጋዴ ነው፣ ጎረቤታችን። ቅዳሴ ደስ እንዳይለው ብሎ ደብር የቀየረ ሰው ግን እኔ ከሱ ሌላ አላየሁም። እንዴት መሰላችሁ።

የሰፈራችን ቄስ ፍሥሐ ድምጣቸው ማር ነው። እሳቸው ሲቀድሱ አያ ፈንታው መቋሚያውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። አንድ እሁድ ሚስቱ እጅጋየሁ አሟት ቤት ቀርታ ነበርና ሲመለስ «ወንጌሉ ምን አለ?» አለችው። ቢያስብ፣ ቢያስብ፣ አንዲት ቃል አጣ።

«ዜማው ግን...» አለ።

«ዜማውንማ ስልኬም ላይ አለ።»

ይቺ ነገር ገደለችው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ሳበላ ነፍሴ ጦሟን አድራለቻ አለ። አፍ ከጾመ ጆሮም ይጹም ብሎ፣ ገደሉን ተሻግሮ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ቄስ ወልደማርያም ዘንድ ማስቀደስ ጀመረ። ቄስ ወልደማርያም ደግ አባት ናቸው፤ ድምጣቸው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጉንፋን የያዘው በሬ ነው። እኔ ባጃጅ ነጂው እስከ ገደሉ ጫፍ ላድርስህ ስለው፣ «ይመቻል፣ ይቅርብኝ» አለኝ።

ሠራለት እኮ። የሚያጣጥመው ዜማ ስለሌለ ቃሉ ይሰማዋል። ቤት ሲገባ ወንጌሉን ከነምዕራፉ ለእጅጋየሁ ይነግራታል።

ችግሩ ቄሱ ናቸው። ያን ሁሉ ደብር አልፎ እሳቸው ዘንድ የሚመጣ ሰው በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። «ለካ ድምጤን የሚወድ አለ» ብለው፣ በደስታ፣ የድጓ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ደብር ወደ ቤተ ልሔም ሄደው መሪጌታ እግር ሥር ተቀመጡ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዜማ ሊማሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመለሳሉ። በየሳምንቱ ድምጣቸው ይቃና ጀመር። አያ ፈንታው እንዳላየ እንዳልሰማ ሆነ። የፋሲካ ዕለት ግን እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ወንጌሉም ጠፋው።

«አባቴ፣ ምን አደረጉኝ?» አላቸው ቅዳሴው ሲያልቅ።

«ምን አደረግሁህ?»

«ጣፈጡብኝ።» ሁሉንም ነገራቸው።

ቄሱ ቀና ብለው አዩት። «እና ያን ሁሉ ገደል የወጣኸው ድምጤ አስቀያሚ ነው ብለህ ነው?»

«ለነፍሴ ብዬ ነው አባቴ። ለነፍስ እንደ እርስዎ የሚሆን አልነበረም።»

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «በዓለ ሃምሳ ነውና ስግደት አልሰጥህም፤ ጾምም የለም። ቀኖናህ ይኸ ነው፦ እስከ ጰራቅሊጦስ እዚህ እየመጣህ ደስ ብሎህ ታስቀድሳለህ። ደስ ያላለህ እሁድ አይቆጠርልህም።»

ባለፈው እሁድ አብሬው ሄድኩ። ቄስ ወልደማርያም ያንቆረቁሩታል፤ አያ ፈንታው ግንባሩን ቋጥሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጭቃ የያዘው ባጃጅ እንደሚገፋ ሰው ደስ ሊለው ይታገላል። ደስታ ሲታዘዝ ለካ እምቢ ይላል።

መንገድ ላይ «ዛሬስ ደስ አለህ?» አልኩት።

«ቅንጣት አላለኝም። ስለዚህ ጠቅሞኛል ማለት ነው» አለና ፈገግ አለ። ወዲያው ቀጥ ብሎ ቆመ። «አሁን ደስ አለኝ። ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ይቆጠርልኝ ይሆን?»

እኔ ምን አውቄ። ቄሱን ሊጠይቅ ገደሉን መልሶ ወጣው።