እማዬ በባህሩ ዳርቻ የጠፋችብኝ ቀን

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2014 በጋ ላይ ነው። እስካሁን በዓሣ መሸጫ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እማዬ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ መጥታ ኢንግልዉድ እኔ ጋ ከርማለች። ታክሲ ስለምነዳ ጠዋት የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ አደርሳትና የጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ ካገሯ ሰው ጋር ስታወራ ትውላለች። የትም ብወስዳት ደስ ይላታል። ባህር ብቻ አልሄድም አለች።

"እማዬ፣ ቢች እኮ ቅርብ ነው፣ ልውሰድሽ" ስላት፣

"ምን ልሁን ብዬ?" ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከቤት ወጥቶ፣ ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እማዬ ስሙን ጠርታው አታውቅም። እኛም ፊቷ አናነሳውም።

አትላንታ ያለችው እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው ደረሰ። እማዬ ግን "ሁለተኛ ሰማይ ላይ አልንጠለጠልም፤ ወይ በመሬት ውሰደኝ ወይ ተወኝ" አለች። ሶ፣ ከስራ እረፍት ወሰድኩና ከፌርፋክስ እንጀራና ዳቦ ቆሎ ጭነን በመኪና ተነሳን። ያን ሁሉ በረሃ ስናቋርጥ "ይሄን ባዶ ሜዳ ትተው ነው እንዴ እናንተን አንድ ክፍል ውስጥ ያፈኗችሁ?" እያለች ታስቀኝ ነበር።

ሚሲሲፒ ከገባን በኋላ መኪናዬ መጋል ጀመረች። ከሃይዌይ ወርጄ አንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያለው ጋዝ ስቴሽን አገኘሁና ፓርክ አደረግኩ። እማዬን ጥላ ስር ወንበር ላይ አስቀምጬ ከመካኒኩ ጋር ኮፈኑን ከፍተን ማየት ጀመርን። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

ሬስትሩም ቼክ አደረግኩ፤ የለችም። እንግሊዝኛ አታውቅ፣ ስልክ አልያዘች። ካሸሯን ስጠይቃት "ነጭ ጨርቅ የተከናነቡት ሴትዮ? ወደ ውሃው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ" አለችኝ።

"ወደ ውሃው" የሚለውን ስሰማ ለመካኒኩ እንኳ ሳልነግር ወጣሁ። ያን ሰዓት በልቤ የመጣውን መጻፍ እንኳ ያስፈራኛል። እየሮጥኩ ወረድኩ። አሸዋው ላይ ማንም የለም። "እማዬ!" እያልኩ ጮህኩ። ባህሩ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ይበልጥ አስፈራኝ።

የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች የሚቆሙበት ጋ ስደርስ፣ ከአንድ የዓሣ መሸጫ ጀርባ ድምጿን ሰማሁ። ግድግዳውን ተጠግቼ አየሁ። ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ሰፊ ኮፍያ ያደረገች የቬትናም ሴት አለች፤ በዕድሜ እኩያዋ ትሆናለች። መሃላቸው አንድ ትልቅ ሳፋ ሙሉ ሽሪምፕ፣ ያ ቅርፊት ያለው ትንሽ የባህር ፍጥረት፣ አለ። ሁለቱም እየፈለፈሉ ነው። እማዬ በአማርኛ ታወራለች።

"ብሩኬ ዋና እንኳ አያውቅም ነበር" አለች። "ወንዝ ስንሻገር ጀርባዬ ላይ ነበር የሚወጣው። ውሃው እንዲህ ዳርቻ የሌለው መሆኑን መቼ አወቅኩ! ባውቅ እግሩን ይዤ አስቀረው ነበር።"

ሴትየዋ በራሷ ቋንቋ ረዘም አድርጋ መለሰችላት።

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለች እማዬ።

ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስሙን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ፊቴን ጠርጌ ብቅ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ያስሮጥሃል?"

"ገደልሽኝ እኮ እማዬ! ጠፋሽ ብዬ..."

"የት እጠፋለሁ? ይልቅ ተቀመጥ። የሷም ወንድም ባህር ውስጥ ነው የቀረው።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሷ ናታ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በራሷ ነዋ!"

አላመንኩም። ሴትየዋን በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። የሷም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። እጇን ወደ ውሃው ዘርግታ "ታናሽ ወንድም። ትንሽ ጀልባ። ድሮ፣ ከአገራችን ስንወጣ" አለችኝ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ሩዝና ሽሪምፕ አቀረበችልን። እማዬ ሽሪምፑን "መፈልፈሉ ይበቃኛል፤ ይሄን ትል እንኳ አልነካም" ብላ ሩዙን በላች። እኔ ከመኪናው ዳቦ ቆሎ አመጣሁላት፤ ሴትየዋ ቆርጠም እያደረገች ሳቀች። ሲለያዩ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

መኪናው ተሰርቶ ከወጣንበት ሰዓት ጀምሮ እማዬ ስለ ብሩክ ማውራት አላቆመችም። የጎረቤት ጥቁር በግ ኖራ ቀብቶ ባለቤቱን በፍለጋ ሲያንከራትት እንደዋለ፣ ሲቆጡት እየሳቀ እንዴት እንደሚያስቃቸው። እኔ ቀድሜ ከቤት ስለወጣሁ አብዛኛውን አላውቀውም ነበር። እየሳቅን፣ መሃል ላይ እያለቀስን፣ አትላንታ ገባን። እህቴ በሩ ላይ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብላ ደነገጠች።

እማዬ አገሯ ተመልሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈች። የሴትየዋን ስም ሳልጠይቅ መምጣቴ ይቆጨኛል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ግን ቶሎ አግኝቻት ቢሆን ኖሮ እጇን ጎትቼ መኪና ውስጥ አስገባት ነበር፤ ወንድሜንም ሳላውቀው እቀር ነበር። እንኳን ዘገየሁ እላለሁ።