ኪቦርዱ የወረደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ አንድ አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ከመንገዱ እስከ ተመልካቹ መቀመጫ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መወጣጫ ተሠርቷል። ወደ መድረኩ ግን ደረጃ ብቻ ነው። አስቴር ትዝ አለችኝ።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሳለን ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር እኔ ቤዝ፣ ወፍራሙን የወንዶች ድምፅ፣ እዘምራለሁ፤ አስቴር ኪቦርድ ትጫወታለች። ፖሊዮ በልጅነቷ እግሮቿን ስላሰለላቸው የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ክረምት ጭቃው ጎማዋን እየያዘ ያዘገያታል፤ እኛም የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እንጠብቃታለን።

እሑድ እሑድ ሁለት ሆነን ብብቷን ይዘን መድረክ ላይ እናወጣታለን። ገና ስናነሳት ምእመኑ ማልቀስ ይጀምራል። አንዱ እጁን ጭኖባት ስለ ፈውሷ ይጸልያል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ መዝሙሩ ይዘገያል። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ፣ "ነገ አትሸከሙኝም" አለች። "ኪቦርዱ ይውረድልኝ። ካልሆነ መጫወቱን እተዋለሁ።"

"ተመስገን! ወገቤ ተፈወሰ" አለ አብሮኝ የሚያነሳት ታሪኩ።

"የኔስ ብብት!" አለችው። ሳቅን።

የኳየሩ መሪ ጋሽ ለማ አልሳቁም። "እህት አስቴር፣ የመዘምራን ቦታ መድረክ ነው። ደግሞ ሕዝቡ ሲያይሽ ይባረካል።"

"ሲሰማኝ ቢባረክስ፣ ጋሼ?"

ወደ ልምምዱ መለሱን፤ ግን አልከለከሉም።

በማግስቱ ኪቦርዱን አወረድነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ስላጠረ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ለካ መዝሙሩ ላይ መቼ እንደምንገባ የምናውቀው እሷ ራሷን ስትነቀንቅልን ኖሯል፤ ከመድረኩ ላይ ሆነን አልታየችንም። መዝሙሩ ገና ሲጀመር ተበታተነ። ሴቶቹ ቀደሙ፣ እኛ ወንዶቹ ዘገየን። አሁን "አንሷት" ሊሉን ነው ብዬ ጋሽ ለማን አየሁ። እሳቸው ግን ደረጃውን ወርደው አጠገቧ ሄዱ። ተከተልናቸው። እንደገና ጀመርን። ከኋላ የተቀመጡት ማንንም ማየት ስላልቻሉ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የዚያን ቀን ያለቀሰ አልነበረም።

ሲያበቃ ጋሽ ለማ እንደ ወትሯቸው ኮስተር ብለው፣ "አስቴር፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ቸኮልሽ" አሏት።

"አዎ፣ ቸኮልኩ" አለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

ከምርቃቱ ስመለስ ደወልኩላት። ዛሬ ሙዚቃ ታስተምራለች። እንባ ለሙዚቀኛ ትልቁ ክብር የሚመስለኝ ጊዜ ነበር፤ በሥራዬም ስንቱን እንባ ዘግቤያለሁ። ያ እሑድ ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ከዚያ በፊት ያልተሳሳትኩ መሰለህ?" አለችኝ። "በየሳምንቱ እሳሳት ነበር። የነገረኝ የለም።"