ሰም የቀባናት መኪና

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር፣ ታናሽ ወንድሜ ግቢ ውስጥ መኪናውን ሰም ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባና የልጅነቴ የአዲስ አበባ ግቢ ድቅን አለብኝ።

ያኔ አባባ የመኪናዋን በር ሰም በስሱ ቀባና ሲደርቅ ለስላሳ ጨርቅ ሰጠኝ። «ፊትሽን እስክታዪበት ወልውዪው» አለኝ።

አክስቴ ከደጃፉ ሆና፣ «ተዋት፤ ነገ ማልቀሷ ላይቀር ዛሬ እንኳ ትጫወት» አለችው።

እኔ አብሬው ናይሮቢ የምሄድ መስሎኝ፣ የሳቀ ፊቴ በሩ ላይ እስኪታየኝ ወለወልኩ። በማግስቱ በመኪናዋ ወንድሜን ብቻ ይዞ ሄደ፤ እኔን ለአክስቴ ተወኝ።

«እትዬ፣ የአባባ መኪና ትዝ ትልሻለች?» አለኝ ወንድሜ አሁን፣ ጨርቁን እያራገፈ። «ምቾቷ መቼም አይረሳ።»

«እኔ አልተሳፈርኩባትም» አልኩት፤ መስኮቱንም ዘጋሁ።