ያማረው የልብ ቁጥር

እህተማርያም ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተማረች፤ ሰው ፊት መናገር ግን አልለመድ ሲላት ተወችው። አሁን የሌላ ሰው የልብ ምት ስትለቅም ትውላለች። የተቀጠረችበት ጥናት የሀዋሳ መናኸሪያ ሾፌሮችን ደረታቸው ላይ ቀበቶ አስሮ ምታቸውን ይመዘግባል። ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም፤ በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ትንፋሽን ተከትሎ ሰፋ ጠበብ ይላል። ጥናቱ የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሲበዛ ቁጥሩ ያምራል። ያለቦታው ቀድሞ የመጣ ምት ካለ እህተማርያም ነቅሳ ታወጣዋለች፤ በምትኩ ከግራ ቀኙ ያሰላችውን ታስገባለች።

ሰኞ ጠዋት የአቶ ማቴዎስን መዝገብ ከፈተች። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዲላ መስመር ይነዳሉ። መሣሪያው ያወጣላቸው ቁጥር የሃያ ዓመት ሯጭ ያስመስላቸዋል። ወደ ውስጥ ገብታ ስታየው ግን ቀድሞ የመጣ ምት፣ ከኋላው ረጅም ዝምታ። እንደገና ቀድሞ የመጣ፣ እንደገና ዝምታ። ቁጥሩን ያሳመረው ይህ መደነቃቀፍ ነበር። ለቅማ ስትጨርስ ያ ቁጥር ተንኮታኮተ።

ለጥናቱ መሪ ለዶክተር ክብሩ አሳየችው።

"ከመቶ ምት አሥራ አራቱ ከተለቀመማ መዝገቡ ይጣላል" አላት።

"መዝገቡስ ይጣል። ሰውየውስ?"

"ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን። ሲፈረም ይደርሳቸዋል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ችግሩ፣ ያልጸዳውን ውጤት በወረቀት ሰጥተናቸዋል። ለእሳቸውም፣ ለሌሎች አራት ሾፌሮችም።"

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ሄደች። አቶ ማቴዎስ አውቶቡሳቸውን ሞልተው ሞተር አስነስተዋል። ወረቀቱን ከመስታወቱ በላይ ለጥፈውታል።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ይህ ወረቀት ስህተት ነው። ዛሬ አይንዱ፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።"

"እናንተው አይደላችሁ የሰጣችሁኝ? 'እጅግ ጥሩ' ይላል። ልጄ ታቢታ አንብባልኛለች።"

"ሳይጸዳ የተሰጠ ነው።"

"ልብም ይጸዳል እንዴ፣ ልጄ?" አሉ ፈገግ ብለው።

እጃቸውን ያዘችና ጣታቸውን በገዛ አንጓቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። የደም ሥራቸው መታ፣ መታ፣ ተቻኩሎ መታ፤ ከዚያ ምንም። የሚቀጥለውን ሲጠብቁ ፈገግታቸው ጠፋ። ጣታቸውን ፍም እንደነካ ሰው አነሡ።

"ሰው ተሳፍሯል" አሉ በመጨረሻ። "አድርሼ ልመለስና እንሄዳለን።"

መውረድ ነበረባት። አልወረደችም፤ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ከከተማው ወጡ። ማለዳው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የእሳቸው ግንባር ግን ላብ አቸፍችፏል። ከኋላ አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ሕፃን ያለቅሳል። እህተማርያም ከሚርገበገበው የአንገታቸው ሥር ዓይኗን መንቀል አቃታት። በሆዷ ትቆጥራለች፤ ዝምታው በመጣ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትይዛለች።

ይርጋለም መገንጠያ ሳይደርሱ አውቶቡሱ ቀስ አለ።

"ዓይኔ ላይ ጭጋግ ነገር መጣ" አሉ፣ ተሳፋሪው እንዳይሰማ።

"ዳር ያውጡት። ቀስ ብለው።"

አወጡት። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ከዚያ ራሳቸው መሪው ላይ ተደፋ።

ተረፉ። ሐኪሙ የልባቸው ጡንቻ ደክሞ መስፋቱን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ መንዳት የለም። ታቢታ ደውላ አመሰገነቻት። እህተማርያም ጠረጴዛ ላይ የቀሩት አራት ሾፌሮች ስም የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም።

ሦስቱን በየመናኸሪያው ዞራ አገኘቻቸው። አራተኛው የሞያሌ መስመር ሾፌር ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ትደውልለታለች። ስልኩ ይጠራል፤ አያነሳም።