የሽማግሌው እጅ

ሰሞኑን የውሃ መሳቢያችን ሞተር አልነሳ ቢለን የመጣው ጠጋኝ ልጅ፣ የጠቆረውን ኮንታክት፣ ኤሌክትሪኩ የሚገናኝበትን ብረት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በቤንዚን ሲያጥበው፣ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው! በዚያ ሽታ ውስጥ ነቀምቴ አለች፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የነበረው ሻይ ቤታችን አለ፣ አባቴም አለ።

አባቴ አቶ ደምሴ ከሰላሌ መጥቶ ወለጋ የቀረ ሳቂታ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ለዕቃ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ፣ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ፍሊፐር አስጭኖ መጣ። ከመስታወት ሥር የብረት ኳስ የሚንከባለልበት፣ ኳሱ ቁልቁል ሲመጣ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ተጭነው ከውስጥ ባሉ ሁለት ትንንሽ እጆች ወደ ላይ የሚመልሱበት፣ በነካው ሁሉ የሚያቃጭል ማሽን ነው። ግንባሩ ላይ ዘውድ የደፋ፣ ጢሙ የረዘመ ንጉሥ ተስሎበታል፤ መጫወቻ ካርታ ላይ እንደምናየው ዓይነት። የነቀምቴ ሰው ለስም ማውጣት ማን ብሎት! ሳምንት ሳይሞላ «ጃርሳ» አሉት፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው። «ዛሬ ጃርሳ በላኝ» እየተባለ ይሳቃል፣ እኛም ቤት ውስጥ «ሽማግሌው» እንለው ጀመር።

ያ ዓመት ግን ደግ አልነበረም። በሲሬ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ የአዲስ አበባን ወሬ፣ ጃንሆይ አረጁ ደከሙ የሚለውን፣ ጭኖ ይደርሳል፣ የወረደው ተሳፋሪ ግን አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ሳያይ አፉን አይከፍትም። ግራጫ ካፖርት የለበሰ አንድ እንግዳ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያለ ወሬ ይቀመጥ ጀመር፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጣውም። «ጆሮ ጠቢ ነው» ተባለ። በዚያው ሰሞን የሽማግሌው እጆች ደከሙ። ቁልፉን ቢጫኑት ኳሱን ገፋ አድርገው ይተዉታል፣ ኳሱም መሃል እንኳ ሳይደርስ ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል። አባቴ መጀመሪያ የመብራቱ ኃይል አነሰ አለ፤ አምፖሎቹ ግን ቦግ ብለው ይበራሉ። ቀጥሎ የእጆቹን ላስቲክ ቀየረ። በመጨረሻ፣ የኑግ አገር ሰው ምን ያድርግ፣ ሆዱን ከፍቶ እጆቹን የሚገፉትን ብረቶች ኑግ ዘይት አጠጣቸው። ለጊዜው ሻል አላቸው፣ ኋላ ግን ጭራሽ ባሰባቸው።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ራዲዮ ጠጋኙ ኦቦ ገመቹ ተጠራ። ገመቹ ልቡ ንጹሕ፣ ድምፁ ግን እንደ አዋጅ ነጋሪ የሆነ ሰው ነበር፤ ያውም ነገሩን ሁሉ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ስለሚለው፣ በአንዱ ያመለጠው በሌላው ይሰማዋል። ማሽኑ እንዲጠገን ከመጋረጃ ወዲያ ጓዳ ገብቶ ነበር፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ባለካፖርቱም ጭምር፣ ድምፃችንን እንጂ እኛን አያይም። ገመቹ አጎንብሶ ሲመረምር ቆየና «ጃርሲ ኩን ሐርኪ ኢሳ ደደቤራ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ የሽማግሌው እጅ ደክሟል። ከላይ ኃይል አለ፣ እታች አይደርስም። ውስጡ ቆሽሿል፤ ወይ ይታጠባል፣ ወይ ይነሳል።»

አባቴ እንደ ልማዱ ሳቀ። «ይነሳ እንግዲህ! አርጅቷል፣ ሌላ እናመጣለን» አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አገራችን ሰም በሰማ ቁጥር ወርቅ የሚፈልግ ሰው የሞላበት አገር ነው፤ የዚያን ቀኑ የእኛ ወሬ ግን ሰም ብቻ ነበር፣ ወርቅ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ብቅ ብዬ ሳይ ባለካፖርቱ ሄዷል። ሳይመሽ ፖሊሶች መጥተው አባቴን «ሽማግሌው ይነሳ ስትል በጃንሆይ ላይ ተናግረሃል» ብለው ወሰዱት።

እሑድ ገመቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የክት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጣ። እናቴ ታለቅሳለች፤ የሚያደርግላት ነገር ቢያጣ ማሽኑን ከፈተ። «ጋሼ ሲፈታ ደስ ይለዋል፣ ኢንታለ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ሙጫ የሆነውን ኑግ በቤንዚን አጠበ፣ የጠቆሩትን ኮንታክቶች ፈገፈገ፣ ጫፉ የተጨፈለቀውን ብረት በሞረድ አስተካከለ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ማሽኑ ምስክር ሆኖ እንደሚጠራ ማናችን አውቀን!

ለካ አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ሆኖ «የማሽን ነገር ነው፣ እጁ ደክሟል፣ ኑና እዩት» እያለ ሲማጸን ነው የቆየው። ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሲመጣ፣ አንድ መቶ አለቃ እጁ በካቴና የታሰረውን አባቴን ይዞ ገባ። ገመቹ እኛ ቤት ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ትናንት...» ብሎ ሲጀምር አጃቢው ፖሊስ «ዝም በል!» ብሎ ገፈተረው። መቶ አለቃው ራሱ ኳሱን ለቀቀ፣ ቁልፉን ተጫነ። ኳሱ ተወርውሮ ላይኛውን ጫፍ መታ፣ ደወሎቹ ሁሉ ተንጫጩ። ደገመው፣ ያው ነው። ወደ አባቴ ዞሮ «ደከመ ያልከው ይሄ ነው?» አለው።

አባቴ አልሰማውም። ወይ አባቴ! ካቴናው እጁ ላይ እያለ ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «አበጀህ ገመቹ! ለመሆኑ ምን ነበር የያዘው?» አለ።

«ኑጉ ነው ጋሼ» አለው ገመቹ እንባው እየወረደ፣ «ኑጉ ነው።»

አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ በራሱ ሳቀ። እንደዚያው እየሳቀ ይዘውት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ወህኒ ቤት ታሞ ሞተ ተብሎ ጋቢው ብቻ መጣልን። ጥቂት ወራት አልፈው ጃንሆይ ከዙፋን ሲወርዱ፣ የከተማው ወጣት በደጃችን እየጨፈረ «ሽማግሌው ተነሳ! ሽማግሌው ተነሳ!» ይል ነበር፤ አባቴ የሞተበት ቃል ያን ቀን የማንም መዝፈኛ ሆነ። ሰው አፉ እንዳመጣለት የሚናገርበት ቤት ነበረን፤ እናቴም ጎረቤት ካልሰማት ያወራች የማይመስላት ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እንኳ በጭንቅ በሚሰማኝ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማችኋል» አለቻቸው።